የውሃ ወራት፤ ስለ ሐይቆቻችን ደቃቅ ዕፅዋትና በየወቅቱ ስለሚለዋወጠው ምግባቸው

(በጅቡቲ ከተማ በአርሂባ ሠፈር ለተሰበሰቡ መምህራን የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት ርእስ ለዚህ ስፍራ እንግዳ ሊመስል እንደሚችል ዐውቃለሁ። ከዚህ ከአርሂባ ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው የሚያገኘው ወደቡንና ጨዋማውን ባሕር ነው እንጂ ሐይቅ አይደለም። ታዲያ የወደብ ሠራተኛ ልጆችን ለሚያስተምር መምህር የሐይቅ ውሃ መለዋወጥ ምን ይረባዋል? ይህን ጥያቄ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ርእሱን እንድመርጥ ያስገደደኝ ግን የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው።

አንድ ቀን ስለ ውሃ ውስጥ ሕይወት ሳስተምር፥ በሐይቅ ውስጥ የሚኖሩት ደቃቅ ዕፅዋት በጸደይ እንደሚበዙና በብርዱ ወራት እንደሚመናመኑ ከመጽሐፉ አነበብሁ። አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ፥ «መምህር፥ ጸደይ በእኛ አገር የትኛው ወር ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ ያለኝ መስሎኝ ልናገር ጀመርሁ፤ ነገር ግን የምለው ጠፋኝ።

በእርግጥም ነገሩ ቀላል አልነበረም። በቤተ ክርስቲያናችን የወቅት አከፋፈል ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ጊዜ ነው። ብዙው ሰው ግን ጸደይ ሲል የሚያስበው አደይ አበባ የሚፈነዳበትን መስከረምን ነው። መጽሐፉን መጀመሪያ ያዘጋጀው አውሮጳዊ ደግሞ በልቡ የነበረው በረዶ ቀልጦ ዛፍ የሚያቈጠቍጥበት የእርሱ አገር ወቅት ነው። እዚህ ጅቡቲ ውስጥ ሕዝቡ የሚያውቃቸው ታላላቅ ወቅቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ኀምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ የሚነፍስበት የሐሩር ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ዕረፍት የሚያገኝበት የቅዝቃዜ ጊዜ ነው። እንግዲህ አንዲቱ ቃል በሦስት ልዩ ልዩ ስፍራ ቆማ አገኘናት፤ እዚህ ግን መቆሚያ እንኳ የላትም።

ስለዚህ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ውሃ የራሱ ወራት አለው፤ እነዚያም ወራት በአየሩ ሙቀት ብቻ አይቈጠሩም። የሚቈጠሩት ብርሃንና ምግብ በውሃው ውስጥ በሚገናኙበት ጊዜ ነው። ይህም መገናኘት በየአገሩ በልዩ ልዩ ወር ስለሚሆን፥ የአንዱን አገር ወር ለዓለም ሁሉ እንደሚሠራ ሕግ አድርገን ብናስተምር ከስሕተት አልፎ ጉዳት ያመጣል። የውሃውን ወራት ያላወቀ ሰው ዓሣው በአንድ ሌሊት ሲያልቅ ምክንያቱን አያውቅም፤ ውሃው ለሰውና ለከብት መርዝ የሚሆንበትንም ጊዜ አይለይም። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት በዚህ አገር በሚሠራበት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው፤ ወራቱን ግን በእኛው ስም እጠራቸዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ እነዚህ ደቃቅ ዕፅዋት ጥቂት ልበል። ሊቃውንት ፊቶፕላንክተን የሚሏቸው በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ፥ አብዛኞቹም ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው። ከእነርሱ መካከል አረንጓዴ አልጌዎች አሉ፤ ገላቸውን መስተዋት በሚመስል የሲሊካ ቅርፊት የሚሸፍኑ ዳያቶሞችም አሉ፤ እንዲሁም በወገናቸው ባክቴሪያ ሆነው ሳለ እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉ ይገኛሉ። በዐይን ባይታዩም ሥራቸው ታላቅ ነው። በዓለም ላይ በፀሐይ ብርሃን ከሚሠራው ምግብ ግማሽ ያህሉ በባሕር ውስጥ በእነዚህ ደቃቃን አማካይነት የሚሠራ ነው። እነርሱን ደቃቅ እንስሳት ይበሏቸዋል፤ እነዚያን ዓሣ ይበላቸዋል፤ ዓሣውን ደግሞ ሰው ይበላዋል።

እንደ ማንኛውም ተክል እነዚህም ብርሃንና ምግብ ይሻሉ። ዋና ዋናዎቹ ምግቦቻቸው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ናቸው፤ ዳያቶሞች ከዚህ በተጨማሪ ለቅርፊታቸው ሲሊካ ያስፈልጋቸዋል። ችግራቸው ግን ይህ ነው። ብርሃን የሚገኘው በውሃው ላይኛ ክፍል ብቻ ነው። ዕፅዋቱ በዚያ እየበዙ ሲሄዱ በአካባቢው ያለውን ምግብ ይጨርሳሉ፤ ሲሞቱም ወደ ታች ይሰጥማሉ፤ በሐይቁ ወለል ላይ በስብሰው በሰውነታቸው የነበረውን ምግብ በጨለማው ውሃ ውስጥ ይለቃሉ። እንግዲህ ብርሃን ባለበት ምግብ ያልቃል፤ ምግብ ባለበት ብርሃን የለም። ሁለቱን የሚያገናኝ ኀይል በሚመጣበት ጊዜ የውሃው አዝመራ ይደርሳል።

መጽሐፎቻችን የሚነግሩን ታሪክ በሰሜን እንግሊዝ አገር በሚገኘው በዊንደርሚር ሐይቅና በመሰሎቹ ላይ የታየውን ነው። ጆን ሉንድ የተባለ ሊቅ ከ1945 ጀምሮ የዚህን ሐይቅ ውሃ ለብዙ ዓመታት በትዕግሥት እየቀዳ መርምሯል። በዚያ አገር በብርዱ ወራት ውሃው ከላይ እስከ ታች ስለሚደባለቅ ምግብ ሞልቶ ይገኛል፤ ነገር ግን ቀኑ አጭርና ጨለማ ስለ ሆነ ዕፅዋቱ አያድጉም። ከዚያ በኋላ ቀኑ ሲረዝም አስተሪዮኔላ የተባለው ዳያቶም በፍጥነት ይበዛል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው ሲሊካ ወደ ግማሽ ሚሊግራም ሲወርድ ግን ዕድገቱ ይቆማል፤ ብዛቱም ወዲያው ይወድቃል። ይህ ትክክለኛ ትምህርት ነው፤ ለዊንደርሚርም እውነት ነው። በዚያ አገር የሚጐድለውና የሚመለሰው ብርሃኑ ስለ ሆነ፥ ወሩን የሚወስነው የቀኑ ርዝመት ነው።

በእኛ አገር ግን ከመስከረም እስከ መስከረም የቀኑ ርዝመት ብዙ አይለዋወጥም። ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ትወጣለች። እንዲህ ከሆነ ውሃችን ወቅት የለውም ማለት ነውን? ብዙ ሰዎች ድሮ እንዲህ ያስቡ ነበር። ስሕተት መሆኑን ካሳዩት ስፍራዎች አንዱ ቢሾፍቱ ነው።

በቢሾፍቱ ከተማ ዙሪያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ሐይቆች አሉ። ስፋታቸው ትንሽ፥ ጥልቀታቸው ግን ብዙ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ፥ ባቦጋያ ወደ 65 ሜትር፥ ሆራ ደግሞ ወደ 38 ሜትር ይጠልቃሉ። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩት ባክስተር፥ ፕሮሰርና ዉድ የተባሉ መምህራን ታሊንግ ከተባለው እንግሊዛዊ የሐይቅ ሊቅ ጋር ሆነው እነዚህን ሐይቆች መረመሩ፤ በ1965ም በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ስላሉ የአፍሪካ ሐይቆች ያገኙትን አሳተሙ። መምህራን መሆናቸውን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ፤ በእጃቸው የነበረው ዋና መሣሪያም ጀልባ፥ ገመድ፥ የውሃ መቅጃና ቴርሞሜትር ነበር።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛ ውሃ ይቀላል። ይሁን እንጂ ልዩነቱ በሁሉም የሙቀት መጠን እኩል አይደለም። ውሃ ከ24 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ የሚቀለው፥ ከ4 ወደ 5 ዲግሪ ሲሞቅ ከሚቀለው 30 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ በሞቃት አገር ሐይቅ ውስጥ የላይኛው ውሃ ከታችኛው በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ፥ ያ ጥቂት ልዩነት እንደ ድስት ክዳን ሆኖ ሐይቁን ይዘጋዋል። ከክዳኑ በታች ምግብ ይከማቻል፤ ኦክሲጂን ግን በመበስበሱ ያልቃል፤ የበሰበሰ ዕንቍላል የሚሸት ጋዝም ይፈጠራል።

ይህን ክዳን የሚከፍተው ምንድር ነው? ብርድ ሌሊት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የደጋው ሰማይ ይጠራል፤ አየሩ ይደርቃል፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። የሐይቁ ገጽ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየሰደደና በነፋስ እየተነነ ይቀዘቅዛል፤ ከብዶም ወደ ታች ይወርዳል። በየሌሊቱ ጥቂት በጥቂት ወደ ታች እየዘለቀ በመጨረሻ ላይኛውና ታችኛው ውሃ ይቀላቀላሉ። ከታች ተቀብሮ የኖረው ፎስፎረስና ናይትሮጅን ብርሃን ወዳለበት ይወጣል፤ ዕፅዋቱም ይመገቡታል። እንግዲህ በዚያ አገር የውሃው ወር የሚመጣው ገበሬው እህሉን ሰብስቦ ጋቢ በሚደርብበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ በረከት አደጋም አለው። መደባለቁ ቀስ በቀስ ከሆነ ለሐይቁ ምግብ ይሆናል። ነፋስና ብርድ በአንድ ጊዜ ተባብረው ክዳኑን በድንገት የከፈቱት እንደ ሆነ ግን፥ ኦክሲጂን የሌለውና በዚያ ጋዝ የተመረዘው የታች ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓሣውም መተንፈሻ አጥቶ በአንድ ሌሊት ያልቃል። በቢሾፍቱ ሐይቆች በብርዱ ወራት የዓሣ እልቂት የታየ ነገር ነው። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ማለዳ በዳርቻው ላይ ነጭ ሆነው የተከመሩትን ዓሦች ሲያይ ጐረቤቱን በመርዝ ይጠረጥራል፤ ወይም ቍጣ ወረደብን ይላል። አንድ መምህር የሐይቁን ሙቀት በየሳምንቱ መዝግቦ ቢሆን ኖሮ ስለ ጐረቤቱ የሚናገረው ሌላ በሆነ ነበር።

ይህ የቢሾፍቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታሊንግ በምድር ወገብ ላይ በሚገኘው በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ያደረገውን ምርመራ በ1966 አሳትሟል። በዚያ ታላቅ ሐይቅ ክዳኑን የሚያነሣው በሰኔና በሐምሌ ገደማ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ ውሃው በተደባለቀ ጊዜም ዳያቶሞች ይበዛሉ። በቢሾፍቱ ታኅሣሥና ጥር፥ በቪክቶሪያ ሰኔና ሐምሌ ማለት ነው። ሕጉ አንድ ሲሆን ወሩ ግን ሁለት ነው።

አሁን ደግሞ ጥልቀት የሌለውን ሐይቅ እንመልከት፤ በዚያ የወቅቱ ምክንያት ሌላ ነውና። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፥ ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር፥ ከፍ ሲልም 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነፋስ እስከ ወለሉ ድረስ ስለሚያናውጠው እንደ ቢሾፍቱ ለረጅም ጊዜ የሚዘጋ ክዳን የለውም። ታዲያ ወቅቱን የሚያመጣው ማን ነው? ወንዞቹ ናቸው። በክረምት ግልገል ዓባይ፥ ጕማራ፥ ርብና መገጭ የደጋውን አፈር ተሸክመው ይገባሉ። ከአፈሩ ጋር ምግብ ይመጣል፤ ነገር ግን ውሃው ስለሚደፈርስ ብርሃን ወደ ውስጥ አይገባም። ገበታው ቀርቦ መብራቱ ጠፋ እንደ ማለት ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ጭቃው ይሰጥማል፤ ብርሃንም ይገባል። አያሌው ወንዴና ባልደረቦቻቸው በ2003 እና በ2004 በየወሩ እየለኩ ያደረጉት፥ በ2007 የታተመው ጥናት የሐይቁ ዕፅዋት ከሁሉ በላይ የሚያመርቱት ከዝናቡ ቀጥሎ በጥቅምትና በኅዳር መሆኑን አሳይቷል፤ በዚያም ጊዜ ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳያኖባክቴሪያ በዝቶ ታይቷል። የጣና ውሃ እንግዲህ እንደ ጎጃም ማሳ ነው፤ በክረምት ይዘራበታል፤ በኅዳር ያፈራል።

እስካሁን የተናገርሁት ተፈጥሮ ራስዋ በልክ ስለምትሰጠው ምግብ ነው። ምግቡ ከልክ ሲያልፍ የሚሆነውን ለመረዳት ግን ከቢሾፍቱ ጥቂት ወደ ደቡብ ወርደን ቆቃን መመልከት ይገባናል። በዚያ አዋሽ ወንዝ ተገድቦ ከ1960 ጀምሮ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሆኗል። ወንዙ የከተማውን፥ የፋብሪካውንና የእርሻውን ፍሳሽ ተሸክሞ ይገባበታል። ምግቡ ሳይቋረጥ ስለሚመጣ ማይክሮሲስቲስ በሐይቁ ላይ ይሠለጥናል፤ ውሃው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት እስኪመስል ድረስ ይወፍራል። ይህ ፍጥረት ማይክሮሲስቲን የተባለ ጉበትን የሚጐዳ መርዝ ያመነጫል፤ በቆቃም ውሃ ውስጥ ይኸው መርዝ ተለክቶ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በአንድ ሊትር አንድ ማይክሮግራም ነው፤ ይህም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ እጅ ማለት ነው።

መምህራን ሆይ፥ ከንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ወደ ክፍላችሁ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን እንድትይዙ እለምናለሁ። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ብለን ስናስተምር ኖረናል፤ መልካም ትምህርት ነው፤ የብዙ ልጆችን ሕይወት አድኗል። ማፍላት ግን የማይክሮሲስቲንን መርዝ አያጠፋውም። አረንጓዴ አረፋ የተከመረበትን ውሃ አፍልቶ መጠጣት ከጀርም ያድን ይሆናል እንጂ ከዚህ መርዝ አያድንም። የሚያድነው አረንጓዴው በሚበዛበት ወር ከዚያ ውሃ መራቅ፥ ከብትንም ማራቅ ነው። ለዚህም ወሩን ማወቅ የግድ ነው።

ከቆቃ በኋላ አዋሽ ወዴት ይሄዳል? ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ወደ ባሕር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ላይ በአቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። የእኛ የአርሂባ ተማሪዎችና የቢሾፍቱ ተማሪዎች የአንድ ወንዝ ጐረቤቶች ናቸው ያልሁት እንደ ሆነ ነገር ማሳመር አይደለም። በነሐሴና በመስከረም የጅቡቲ ምድር በሐሩር ስትነድ፥ አቤ ሐይቅ የሸዋንና የወሎን ክረምት ትቀበላለች። በዚህ በኩል ዝናብ ሳይዘንብ የሐይቁ ወቅት ከደጋ ተጕዞ ይመጣል።

ወደ አቤ የገባ ውሃ መውጫ የለውም፤ የሚሄደው በትነት ወደ ሰማይ ብቻ ነው። የተሸከመው ጨውና ሶዳ ሁሉ በዚያው ይቀራል። እንዲህ ባለው ሶዳማ ውሃ ውስጥ የሚችሉ ደቃቃን ጥቂቶች ናቸው፤ የቻሉት ግን ያለ ተወዳዳሪ ይበዛሉ። በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከእንደዚህ ካለው ፍጥረት ብዛት ነው። በአቤ ዳርቻ የሚታዩት ፍላሚንጎዎችም ወደዚያ በረሓ የሚመጡት በከንቱ አይደለም፤ ምንቃራቸው ደቃቁን ፍጥረት ከውሃ እያጠለለ የሚመገብ ወንፊት ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአዋሽ ሸለቆ የመስኖ እርሻ እየሰፋ ስለ ሄደ ወደ አቤ የሚደርሰው ውሃ ቀንሷል፤ ሐይቅዋም ሸሽታለች።

ስለ አቤ ሌላም አስደናቂ ነገር አለ። ፍራንስዋዝ ጋስ የተባሉ ፈረንሳዊት ሊቅ በሐይቁ ዙሪያ የተደራረበውን ነጭ አፈር መረመሩ። ያ አፈር በብዛት የዳያቶም ቅርፊት ነው። እያንዳንዱ የዳያቶም ዐይነት የሚወደው ውሃ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ቅርፊቱን በማይክሮስኮፕ የሚያነብ ሰው ውሃው በዚያ ዘመን ጣፋጭ ይሁን ጨዋማ፥ ጥልቅ ይሁን ጥልቀት የሌለው ለይቶ ያውቃል። በዚህም መንገድ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አቤ 6,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የምትሰፋ ታላቅ ሐይቅ እንደ ነበረች ታወቀ። እነዚያ ደቃቃን ማንም ሳያዛቸው የየዘመናቸውን መዝገብ ጽፈው ትተውልናል። እኛ ግን የአንድ ዓመት መዝገብ እንኳ የለንም።

አሁን ወደዚሁ ወደ ባሕራችን ልመለስ፤ የዚያን ልጅም ነገር ልፈጽም። ልጁ ጸደይን የጠየቀኝ ቀን መልስ ስላጣሁ፥ «ለጊዜው መጽሐፉ እንደሚለው ያዝ» ብዬ አለፍሁት። በፈተና ጊዜ ደቃቅ ዕፅዋት የሚበዙት መቼ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥያቄ መጣ። ልጁም፥ «በቅዝቃዜው ወራት፤ ያን ጊዜ ባሕሩ ይለመልማል፤ ታላላቆቹም ዓሦች ይመጣሉ» ብሎ ጻፈ። በእጄ ያለው የመልስ ወረቀት «በጸደይ» ይል ስለ ነበር ስሕተት ብዬ በቀይ አሰመርሁበት። በኋላ ጠርቼ ከየት እንዳገኘው ብጠይቀው፥ በባሕር ላይ የሚሠራው አጎቱ እንደ ነገረው መለሰልኝ።

አጎቱ እውነቱን ነበር። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በአርታ ዳርቻና በጉቤት አካባቢ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ በፈረንሳይኛ ረከን ባለን የሚባለው፥ ከዓሦች ሁሉ በግዙፍነት የሚበልጠው የሻርክ ወገን ይመጣል። ያ ግዙፍ ፍጥረት ሰውን አይነካም፤ የሚመገበው አፉን ከፍቶ እየዋኘ ከውሃው የሚያጠልለውን ደቃቅ ፍጥረት ነው። በሐሩሩ ወራት የባሕሩ ገጽ እጅግ ሞቆ በቀዝቃዛው ውሃ ላይ እንደ ክዳን ይተኛል። የቅዝቃዜው ወራት ሲመጣ ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ የባሕሩም ገጽ ይቀዘቅዛል፤ የላይና የታች ውሃ ይቀላቀላል፤ ምግቡም ብርሃን ወዳለበት ይወጣል። ደቃቅ ዕፅዋት ይበዛሉ፤ ደቃቅ እንስሳት ይከተሏቸዋል፤ ከእነርሱም በኋላ ግዙፉ ዓሣ ይመጣል። ይህ በቢሾፍቱ ያየነው ሕግ ራሱ አይደለምን? ሐይቁና ባሕሩ፥ ደጋውና ቆላው በዚህ አንድ ሆኑ። ልጁ ሕጉን ባያውቀውም ወሩን ዐውቆታል፤ እኔ ግን መጽሐፉን ይዤ ወሩን አላወቅሁትም ነበር።

ስለዚህ የትምህርት ቤት ኀላፊዎችን በትሕትና የምለምነው ነገር አለኝ። የመጽሐፉን ትምህርት ጣሉ አልልም፤ ዊንደርሚርም የዓለም ክፍል ነውና ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል። ነገር ግን ጥያቄው «መቼ ይበዛሉ?» ብቻ ከሆነ ጎደሎ ነው፤ «የት?» እና «ስለ ምን?» የሚሉት ይጨመሩበት። ለአገሩ ውሃ እውነት የሆነውን የመለሰ ልጅ ለሌላ አገር እውነት የሆነውን ስላልጻፈ አይጣል። ልጅ ዐይኑ ያየው በፈተና ወረቀት ላይ ስሕተት ከተባለበት፥ ሁለተኛ ጊዜ ማየቱን ይተዋል።

መምህራን ባልደረቦቼን ደግሞ የምለምናችሁ ሥራ እንድንጀምር ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በ1865 አንጀሎ ሴኪ የተባለ ኢጣሊያዊ ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ የባሕርን ጥራት ለመለካት ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ አንጠልጥሎ ወደ ውሃ አወረደ፤ ይህ መሣሪያ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። እኛም አንድ ነጭ ክብ ሰሌዳ፥ ከታቹ የሚያሰጥም ክብደት፥ በየግማሽ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ፥ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር ይበቁናል። በሳምንት አንድ ቀን፥ በታወቀ ሰዓትና በታወቀ ስፍራ፥ ከታመነ ጀልባ ላይ ሰሌዳውን በጥላው በኩል እናውርድ። ከዐይን የተሰወረበትን ጥልቀት፥ ሲሳብም እንደ ገና የታየበትን እንጻፍ፤ የሁለቱን አማካይ እንያዝ። የውሃውን ሙቀት፥ ቀለሙንና ሽታውን፥ የነፋሱን አቅጣጫ፥ ዓሣ አጥማጆች የተናገሩትንም እንጨምር። ሰሌዳው ቶሎ የተሰወረ እንደ ሆነ ምክንያቱ ጭቃ ወይም ደቃቅ ዕፅዋት ሊሆን ስለሚችል፥ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ እንይ፤ ማይክሮስኮፕ ባይኖር ውሃውን በብርጭቆ ቀድተን ጭቃው እስኪዘቅጥ እናቆየው።

ይህን ለ12 ወር ያደረገ ክፍል የራሱን ውሃ ወራት በገዛ እጁ የጻፈ የመጀመሪያው ይሆናል። በቢሾፍቱ፥ በባሕር ዳርና በአርባ ምንጭ ያሉ ባልደረቦቻችንም እንዲሁ ቢያደርጉና ደብተሮቻችንን በደብዳቤ ብንለዋወጥ፥ ልጆቻችን አንዱን ሕግ በብዙ ወር ሲሠራ ያዩታል። አሳ አጥማጁ መረቡን መቼ እንደሚጥል፥ እናት ከየትኛው ውሃ መቼ እንዳትቀዳ፥ እረኛው ከብቱን መቼ ከዳርቻው እንደሚያርቅ ለመምከር የሚያስችል መዝገብም ይኖረናል።

ወደዚያ ፈተና ልመለስና ንግግሬን ልደምድም። የልጁን ወረቀት መልሼ ወስጄ ቀዩን መስመር ሰረዝሁ፤ ነጥቡንም ሰጠሁት። ከዚያም ወደ ክፍሉ ገብቼ፥ «ጸደይ በእኛ አገር የትኛው ወር ነው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር፤ የሰማዩን ጸደይ አላውቅልህም፤ የባሕራችን ግን አጎትህ የነገረህ ወር ነው» አልሁት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ልጁ ግን አልሳቀም። «እንግዲያስ ለምን እንደ ሆነ ይንገሩን» አለኝ። ዛሬ በፊታችሁ የተናገርሁት ሁሉ ያን ጊዜ ለእርሱ ልሰጠው የሚገባኝ መልስ ነው።